ማስታወቂያ የሚሠራው ለማን ነው?

ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ አሳብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ አባቶቻችን የጽሕፈትን ዋጋ ሲያስረዱን ኖረዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የተጻፈ ነገር የሚወረሰው መጀመሪያ ሲነበብ ነው። ተጽፎ የማይነበብ ነገር ጭራሽ ካልተጻፈው አይሻልም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይብሳል። ጻፊው «ነግሬአለሁ» ብሎ ዐርፎ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ደግሞ «አልሰማሁም» ብሎ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ጉዳዩ ይበላሻል።

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር ለአንዳንድ ጓደኞቼ ትንሽ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ስለ አገር እድገትና ስለ ሳይንስ የሚጽፉ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት፣ «የአንዲት በራሪ ወረቀት ቀለምና አቀማመጥ ምን ይጻፍበታል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ካለፈው ዓመት መስከረም በፊት እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን የለወጠው መጽሐፍ ወይም ንግግር ሳይሆን አንድ አባትና አንዲት ልጅ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ማለቂያ ላይ፣ እኔ አባል የሆንሁበት የተማሪዎች ክበብ የአዲስ ተማሪዎችን ምዝገባ የሚያስታውቅ በራሪ ወረቀት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። እኛም በደስታ ተቀበልን። ኮምፒውተር ፊት ተሰብስበን ተቀመጥንና እያንዳንዳችን የወደድነውን ጨመርንበት። አንዱ በአራቱም ማዕዘን አበባ አደረገበት፤ ሁለተኛው ርእሱን በቀስተ ደመና ቀለም አስጌጠው፤ ሦስተኛው ከጽሑፉ በስተኋላ ጫካና ፏፏቴ አኖረበት። እኔ ደግሞ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ጎልቶ እንዲታይ ብዬ፣ «8» የምትለዋን ቁጥር በውሃ ሰማያዊ ክብ ውስጥ በደማቅ ቢጫ ቀለም ጻፍኋት። በኮምፒውተሩ ላይ ስናየው እንደ መስቀል ወፍ ያማረ ነበረ። አጨበጨብን።

ሦስት መቶውን ሁሉ በቀለም ማሳተም ከአቅማችን በላይ ስለ ሆነ፣ አንዲቱን ብቻ በቀለም አሳትመን የቀሩትን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን በጥቁርና በነጭ አባዛናቸው። ገና ከመኪናው እንደ ወጡ፣ ሙቀታቸው ሳይበርድ፣ ተሻምተን ወሰድናቸው፤ ከኛ መካከል አንድም ሰው አንዲቱን ቅጂ አንሥቶ ከላይ እስከ ታች አላነበበም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለካ ለእንደኛ ያለው ነው። በገበያ ቀን አደልን፤ በየግድግዳው ለጠፍን፤ ሥራችንን ፈጽመናል ብለንም ተመለስን።

ምዝገባው መስከረም 8 ቀን ተዘጋ። መስከረም 13 ቀን አንድ ገበሬ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጡ። ምዝገባው ማለፉ ሲነገራቸው አልተቆጡም። ከኮታቸው ኪስ በአራት የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ዘረጉና፣ በአጠገባቸው ቆሜ ስለ ነበርሁ ለእኔ ሰጡኝ። «የኔ ልጅ፣ ቀኑ የቱ ላይ ነው ያለው? እስቲ አሳየኝ» አሉኝ።

ላሳያቸው ጣቴን ዘረጋሁ፤ የማሳየው ነገር ግን አልነበረም። «ምዝገባው እስከ መስከረም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነጭ ክብ አለ፤ ከክቡ ቀጥሎ «ድረስ ብቻ» ይላል። ክቡም ቁጥሩም በፎቶ ኮፒው ነጥተው አንድ ሆነዋል። «አባባ፣ እዚህ ላይ ቁጥር ነበረ» አልኋቸው። «እኛማ እስከ መስከረም ሲል፣ መስከረም እስኪያልቅ መስሎን ነው» አሉ። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል የፈተና ውጤትዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛ፣ ከአባትዋ በስተኋላ ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር።

መምህራኖቻችን ነገሩን ካዩት በኋላ ልጅቱ እንድትመዘገብ ተፈቀደላት፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ትማራለች። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እርስዋስ አባትዋ ወረቀቱን ይዘው መጡላት፤ ያችኑ ወረቀት አንብበው ቀኑ ካለፈ በኋላ ከመንገድ የተመለሱትን፣ ወይም ጭራሽ ያልተነሡትን ማን ቆጠራቸው?

ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ እናገራለሁ። ማስታወቂያ የሚሠራው ለሚያነበው ሰው ነው እንጂ ለሠሪው አይደለም። ቀለሙም፣ የፊደሉ መጠንም፣ የሥዕሉ ቦታም መመረጥ ያለበት «ለእኛ ያምራልን?» ተብሎ ሳይሆን «ያ ሰው በቆመበት ስፍራ ይታየዋልን?» ተብሎ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለውን ተረት ጠቅሶ ይከራከረኝ ይሆናል። «ቀለም የሌለው ወረቀትማ ማን ዘወር ብሎ ያየዋል? ሕዝቡ ቆም እንዲል መጀመሪያ ዓይኑን መሳብ ያስፈልጋል» ይለኛል። እኔም ውበት አያስፈልግም አላልሁም። የምጠይቀው ውበት ምን እንደ ሆነ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢጮኹ የማንም ድምፅ አይሰማም፤ ዘጠኝ ቀለሞችም ባንዲት ወረቀት ላይ ሲጮኹ እንዲሁ ነው።

ለዚህ ምስክር ከሩቅ አገር መጥራት አያስፈልገንም። የጥንት የብራና ጸሐፊዎቻችን መጽሐፍ ሲጽፉ የሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ቀለሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። የመጽሐፉ ሰውነት ከጥላሸት በተሠራ ጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የምዕራፍ መጀመሪያና የከበሩ ስሞች ግን በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ቀዩ ጥቂት በመሆኑ ዓይን ወዲያውኑ ያገኘዋል፤ ሁሉም ቀይ ቢሆን ኖሮ አንዱም ቀይ ባልሆነ ነበር። ጸሐፊው ፊደል ከመጣሉ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ በግራና በቀኝ፣ ከላይና ከታች ሰፊ ኅዳግ ይተዋል። ጌጥም ቢሆን አልጠላም፤ ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ በመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ ይሥላል። ነገር ግን ሐረጉ ጽሑፉን ያጅባል እንጂ ከጽሑፉ በስተኋላ ገብቶ ፊደል አይውጥም። እኛ ግን ፏፏቴውን ከፊደሉ ሥር አፈሰስነው።

አሁን ስለ ቀለም ጥቂት ልናገር። የመጀመሪያው ስሕተታችን በኮምፒውተር ላይ የሚታየውና በወረቀት ላይ የሚያርፈው ቀለም አንድ መስሎን ነው። ኮምፒውተርና ስልክ ቀለምን የሚያሳዩን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በማደባለቅ ሲሆን ብርሃኑ የሚመነጨው ከራሱ ከመሣሪያው ነው። የማተሚያ መኪና ግን ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለሞችን በነጭ ወረቀት ላይ እየደራረበ ያትማል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚታየው አንባቢው በቆመበት ስፍራ ያለውን ብርሃን ተበድሮ ነው። ደቡብ ምዕራብ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናቡ ከሁሉ የሚበዛበትና የዝናቡ ወራትም የሚረዝሙበት ክፍል ነው። በማጂ ከፍታ ላይ ጉም ተጭኖ ሲውል፣ ወይም አንዲት እናት ማታ ቤትዋ ውስጥ ወረቀቱን በኩራዝ ስታየው፣ የኮምፒውተሩ ድምቀት የት ይገኛል?

ሁለተኛው ስሕተታችን ከዚህ ይከፋል። በጥቁርና በነጭ የሚያባዛ ፎቶ ኮፒ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ብሎ አይለይም፤ የሚለየው ፈዘዝ ያለውንና ጠቆር ያለውን ብቻ ነው። ቢጫና ውሃ ሰማያዊ ለዓይን በጣም ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ፈዛዛ ስለ ሆኑ መኪናው ሁለቱንም ነጭ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። የእኔ «8» የጠፋችው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቀለም ስንመርጥ አንዱ ጨለም ያለ፣ ሌላው ፈካ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ፣ ጥቁር ፊደል በቢጫ ላይ፣ ነጭ ፊደል በጠቆረ ሰማያዊ ላይ ቢሆን ከሩቅ ይነበባል፤ ቢባዛም አይጠፋም። ቢጫ ፊደል በነጭ ላይ ግን ባይባዛም አይነበብ። የሰንደቅ ዓላማችንን ሦስት ቀለማት ሁላችንም ስለምንወድ አንዱን መስመር በአረንጓዴ፣ ሁለተኛውን በቢጫ፣ ሦስተኛውን በቀይ መጻፍ ልማድ ሆኖብናል፤ ፍቅሩ መልካም ነው፤ የመካከለኛው መስመር ግን ሁልጊዜ ይጠፋል።

ለእኛ ለቡና አገር ልጆች ነገሩን በቡና ማስረዳት ይቀላል። ቡና ሲለቀም ቀይ ሆኖ የበሰለው እሸት ብቻ መለቀም እንዳለበት፣ አረንጓዴው ሲቀላቀል ጣዕሙን እንደሚያበላሽ ከማጂ እስከ ሚዛን፣ ከበበቃ እስከ ቴፒ የማያውቅ የለም። እንበልና ክበባችን ይህንን ለማስታወስ ሁለት የቡና ቅርንጫፎች ያሉበት ሥዕል አሳተመ፤ አንደኛው ቀይ ፍሬ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ፍሬ የያዘ፤ ከላይ «ይህን ልቀሙ፤ ያን ተዉ» የሚል። ወረቀቱ በጥቁርና በነጭ ሲባዛ ሁለቱም ቅርንጫፎች አመድማ ይሆናሉ። ገበሬው «የቱን?» ቢል መልስ አያገኝም። ማስታወቂያው የተሠራበት ምክንያት በሙሉ ቀለሙ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ቀለሙ ሲሄድ ምክንያቱም አብሮ ሄደ።

በቀለም ቢታተምስ? በባዮሎጂ ትምህርታችን እንደተማርነው፣ ቀይንና አረንጓዴን ከልደታቸው ጀምሮ አጥርተው መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ይኸ ጠባይ የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞሶም በኩል ስለ ሆነ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ሰውየው ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ሩቅ ያያል፤ ብዙ ጊዜም የጎደለውን ነገር ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ቀለም ብቻውን መልእክት እንዲሸከም መተው አይገባም። በሚለቀመው ቅርንጫፍ ላይ ቅርጫት የያዘ እጅ፣ በማይለቀመው ላይ ጠቆር ያለ የኤክስ ምልክት ቢጨመርበት፣ ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ነገሩ ይቀራል።

ደግሞም ቀለም ለሁሉም ሰው አንድ ስምና አንድ ትርጉም የለውም። እኛ በአማርኛ የአፈር መልክ ያለውን «ቡና ዓይነት» ወይም «ቡናማ» ብለን በምናውቀው ተክል ጠራነው። ከኛ በታች በኦሞ ወንዝ አቅጣጫ የሚኖሩት የሙርሲ ሰዎች ደግሞ ከብት አርቢዎች ስለ ሆኑ ቀለማትን የሚጠሩት በከብቶቻቸው ቆዳ መልክ ነው። ሰው ቀለምን የሚያየው በኑሮው በኩል ነው። ማስታወቂያው የሚሄድበትን ሰው ኑሮ ሳናውቅ ቀለም መምረጥ የእግሩን ልክ ሳንለካ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ብዙ ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን በጥቁር ብቻ አዘጋጅቶ በቢጫ ወረቀት ላይ ማባዛት ነው። መኪናው የሚያባዛው ያንኑ ጥቁር ነው፤ ቢጫውን ወረቀቱ ራሱ ይዞት ይመጣል። ከግድግዳው ተለይቶ ይታያል፤ ፊደሉም አይደክምም። ስለ ዝናቡም ማሰብ ያስፈልጋል። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የወጣ ወረቀት ውሃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይፈስሳል፤ በሌዘር ማተሚያ ወይም በፎቶ ኮፒ የወጣው ግን ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ ይታገሣል። በውጭ ግድግዳ የሚለጠፈው ከሁለተኛው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ከቀለም ቀጥሎ የሚመጣው አቀማመጥ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። መልካም ነገር እንኳ ቢሆን አቀራረቡ ከተበላሸ ፍርዱ ይበላሻል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት ዓይነት ፊደል ስላላቸው ርእሱን በትልቁ፣ ዝርዝሩን በትንሹ ይጽፋሉ። የእኛ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። እኛ ዋናውን ነገር ከተራው የምንለየው በሦስት ነገር ነው፤ በመጠን፣ በውፍረትና በቦታ። እነዚህን ሦስቱን ካልተጠቀምንባቸው ገጹ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ዓይን የት እንደሚያርፍ ያጣል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የፊደላችን ድምፅ የሚለወጠው በትንንሽ ምልክቶች ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ አንደኛው ከወገቡ፣ ሁለተኛው ከእግሩ ጫፍ። ፊደሉ ሲጠብ፣ ጥላ ሲጨመርበት፣ ከበስተኋላው ጫካ ሲቆምበት፣ ከዚያም ቅጂው እንደገና ሲቀዳ፣ ያች ጭረት መጀመሪያ ትጠፋለች። ጠምዛዛና ባለ ብዙ ጌጥ ፊደል ለሰርግ ጥሪ ያምር ይሆናል። ወንጌልም ይሁን ፊደል ከዘመቻ ወይም ከማታ ትምህርት ለተማረ፣ እየለቀመ ለሚያነብ አባት ግን ግልጽ ፊደል ከማር ይጥማል።

ቦታን በሚመለከት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቡና ተካይ በችግኝና በችግኝ መካከል ስፍራ የሚተወው መሬት ተርፎት አይደለም፤ ዛፉ እንዲተነፍስና እንዲያፈራ ነው። በወረቀት ላይ ያለ ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው። እኛ ግን ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር «እዚህ ላይ ምን እንጨምር?» እንላለን። አንድ ማስታወቂያ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መናገር አለበት፤ እርሱም ከላይ፣ በትልቁ፣ ብቻውን ይቀመጥ። ቀጥሎ መቼ፣ የት፣ ማን የሚሉት ሦስት ነገሮች ለየብቻቸው በየመስመራቸው ይምጡ። የቀረው ዝርዝር ከታች አነስ ብሎ ይከተል። ቀንና ሰዓት ፈጽሞ በጌጥ ውስጥ አይደበቁ። ወረቀቱ በሰው ኪስ የሚታጠፍ ስለ ሆነ ዋናው ቁጥር እጥፋቱ ላይ እንዳይውል ማሰብም ያሻል፤ እጥፋት ላይ ያለ ፊደል ቶሎ ይፋቃልና።

ወረቀቱን ለመቈጠብም ሒሳብ ይረዳናል። ኤ ፎር የሚባለው ወረቀት 21 ሳንቲ ሜትር በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። የተመረጠውም ርዝመቱ ለወርዱ ያለው ድርሻ በመካከል ቢቈረጥም እንዳይለወጥ ተደርጎ ነው። ስለዚህ አንዱን ማስታወቂያ በግማሽ ወረቀት መጠን አዘጋጅተን ሁለቱን ጎን ለጎን ብናሳትም፣ በመቶ ወረቀት ሁለት መቶ ሰው ይደርሰዋል። ይኸ ግን የሚሆነው ቃላችንን ስናሳጥር ነው። በእጅ ለሚታደለው ግማሹ ይበቃል፤ በግድግዳ ለሚለጠፈው ግን ሙሉውን ወረቀት ይዘን ፊደሉን ማተለቅ አለብን። ሦስት ሜትር ርቆ ለሚያልፍ ሰው የርእሱ ፊደል ቁመት ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ሳይቸገር ያነበዋል።

በአካባቢያችን ዲዚ፣ ሜኤን፣ ሱሪ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ከፋና ሌሎችም ሕዝቦች በየቋንቋቸው ይኖራሉ። በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ማስታወቂያ ሲኖር አንዱን መስመር ከሌላው ጋር አፈራርቆ መጻፍ ሁለቱንም አንባቢዎች ያደክማል። በወረቀቱ ፊት አንዱን፣ በጀርባው ሁለተኛውን ማድረግ፣ ቀኑን ግን በሁለቱም ወገን በእኩል መጠን መጻፍ ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ቋንቋው በሌላው ሥር እንደተጨመረ አይሰማውም።

ማንበብ ለማይችለውስ? እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበር። በሽታውን ፈላጊዎቹ ሠራተኞች በሽታው የወጣበት ሕፃን ሥዕል ያለባትን አንዲት ካርድ ይዘው ከገበያ ገበያ፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ «እንዲህ ያለ በሽታ ያየ አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ካርድዋ አበባ አልነበራትም፤ ቀስተ ደመናም አልነበራትም፤ አንድ ሥዕልና አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ከዓለም ጠፋ። በሽታውን ያጠፋው ክትባቱና የሠራተኞቹ ድካም እንጂ ካርዱ አይደለም። ነገር ግን ሕመምተኛው ያለበትን ስፍራ ለማግኘት፣ ማንም ሊገባው የሚችል አንድ ሥዕል ረድቶአቸዋል። ሥዕል በማስታወቂያ ላይ ሲገባ እንዲህ ያለ ሥራ ይኑረው፤ ሥራ የሌለው ሥዕል ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን «ኮምፒውተሩ ራሱ የተዘጋጀ ንድፍ አለው፤ ከስልክም ይገኛል፤ ስሙን ለውጦ ማሳተም ነው፤ ይኸ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ጓደኛ ይኖረኛል። በእርግጥ ንድፉ አለ፤ አንዳንዱም ያማረ ነው። ነገር ግን ንድፉን የሠራው ሰው የማጂን ጉም አያውቅም፤ የኛን ፊደል ጭረት አያውቅም፤ ወረቀቱ በጥቁርና በነጭ እንደሚባዛም አልተነገረውም። መሣሪያው ቀለም ይሰጠናል፤ ለማን እንደምንሠራ ግን አይነግረንም። ያንን የምናውቅ እኛ ነን፤ አንባቢዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸውና።

ይኸም ዕውቀት እንደ ማንኛውም ዕውቀት በትምህርት ይገኛል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ነው፤ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው በዚያ ትምህርት ቤት ንድፍ እንደ አንድ ሙያ ይሰጣል። ከኛ መካከል አንድ ቀን ወደዚያ የሚገባ ይኖር ይሆናል። የማይገባው ግን ብዙ ነው፤ እርሱም ነገ የቀበሌ ጸሐፊ፣ መምህር፣ የጤና ሠራተኛ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ የክትባት ቀን፣ የስብሰባ ቀን፣ የቡና መረከቢያ ቀን ማስታወቁ አይቀርም። ያን ጊዜ አንዲት የጠፋች ቁጥር የአንድን ሕፃን ክትባት ወይም የአንድን ገበሬ የዓመት ገቢ ልታስቀር ትችላለች።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው አሳብ ይኸ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ በተማሪዎች የሚዘጋጅ ማንኛውም ማስታወቂያ ከመታደሉ በፊት በአራት ፈተና ይለፍ። አንደኛ፣ አንዲት ቅጂ በጥቁርና በነጭ ተባዝታ ከላይ እስከ ታች ትነበብ። ሁለተኛ፣ በግድግዳ ተለጥፋ በአሥር እርምጃ ርቀት ርእስዋና ቀንዋ ይታዩ። ሦስተኛ፣ በአራት ታጥፋ አንድ ቀን በኪስ ከዋለች በኋላ ተዘርግታ ትታይ። አራተኛ፣ በሥራው ላይ ያልነበረ አንድ ሰው፣ ቢቻል ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ያንብባትና «መቼ? የት?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ ይመልስ። አራቱም ፈተናዎች ከአንድ ቅጂ ዋጋ በቀር ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ቀን መታገሥን ብቻ ነው።

የሥዕልና የአማርኛ መምህራኖቻችን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚህ ጉዳይ አብረው ቢያስተምሩን መልካም ነው፤ አንደኛው ቀለሙንና ቦታውን፣ ሁለተኛው ቃሉን ማሳጠር። ወላጆቻችንንም አደራ የምለው አለ። የማይነበብ ወረቀት ስንሰጣችሁ «እኔ ስላልተማርሁ ይሆናል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የጻፊው መሆኑን እኔ ባለጥፋቱ እመሰክራለሁ። ያ አባት ወረቀቱን መልሰው ባያሳዩኝ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ በዚያች ቢጫ ቁጥር እየኮራሁ እኖር ነበር።

ዘንድሮ የምዝገባውን ማስታወቂያ እንደገና የሠራነው እኛው ነን። በቢጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ብቻ ታተመ። አበባ የለውም። ከላይ «ምዝገባ» ይላል፤ ከሥሩ ቀኑ ከጣት በሚረዝም ቁጥር ብቻውን ተቀምጦአል። አንድ ጓደኛችን አየውና «ይኸማ ባዶ ነው፤ ምኑ ተሠራ?» አለ። ከመታደሉ በፊት ግን አንዲቱን ቅጂ ይዤ ወደዚያች ልጅ ሄድሁ። ዘርግታ አየችውና ያለ ምንም ማመንታት ቀኑን ነገረችኝ። ከዚያም «ለአባቴ አንድ ስጠኝ፤ በሰፈራችን ይለጥፈዋል» አለችኝ።

አምስት ሰጠኋት።